የትሪው ግራ ጎን

ይህን ያወራችልኝ እትዬ አልጣሽ ናት። ታሪኩን ከማወራው ሰውዬ ቤት ጋር በአንድ አጥር ትዋሰን ነበርና የሆነውን ሁሉ በዓይኗ አይታለች። እኔ የጨመርኩበት ንዴቴን ብቻ ነው።

አንቺ ዘርፌ፣ ትናንት ልብስ ስታሰጪ ጠየቅሽኝ። ወንድምሽ ከግንባታ እንጨት ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ ለቅሶ ቤት ገብቶ ይስቃል። እድሩም «ነውረኛ ነው፣ ይሰረዝ» ብሏል። «የሰው ጠባይ ከልቡ ነው ወይስ ከጭንቅላቱ? ወንድሜ ንቋቸው ነው ወይስ ታሞ?» አልሽኝ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም፤ የእድሩ ዳኛ ሚስት አጥሩ ሥር ጆሮዋን ተክላ ስለነበር ነው። አሁን ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ሰላምታው ያማረ ሰው ነበረ። ሕፃን ቢያልፍ እንኳ ባርኔጣውን ያነሣል፤ የተጣላውንም «እንደምን አደርክ» ሳይል አያልፍም። ሚስቱ ሞታበት ከወንድ ልጁና ከምራቱ ጋር ይኖር ነበር። ምራቱ «አባባ» ትለዋለች፣ እሱም «ልጄ» ይላታል።

አንድ ቀን ደም ግፊቱ ተነሥቶ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሰንብቶ ተመለሰ። ግራ እጁ ከመዛሉ በቀር ደህና ነው ተባለ። ይናገራል፣ ይቀልዳል፣ የዘመድ ስም አይስትም። ነገር ግን ጢሙን ሲላጭ የቀኝ ጉንጩን ላጭቶ የግራውን እንዳለ ትቶት ይወጣል። ደጁ ላይ ሲቀመጥ ከቀኝ ለሚመጣ ሰው ባርኔጣውን ያነሣል፤ ከግራ ለሚመጣ፣ ጳጳስም ቢሆን፣ ፊቱን አይመልስም። የላይ ሰፈር ሰው ወደ ገበያ ሲወርድ ከግራ ነው የሚመጣው። ጠዋት ዘግቶት፣ ማታ ከቀኝ ሲመለስ ሰላም ይለዋል። «ጠዋት ንቆን ማታ ይቀልድብናል» ተባለ።

ከሁሉ የባሰው የምግቡ ነገር ነበር። የጓዳው በር ከሰውየው መቀመጫ በግራ በኩል ነው። ምራቱ ከዚያ ወጥታ ትሪውን ፊቱ ታስቀምጥና በግራው ትንበረከካለች። እሱ የቀኙን ግማሽ ይበላል፤ እሷ ያለችበትን ግማሽ አይነካውም። የተረፈው እንጀራ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። በግራ ያኖረችለት ውሃ እንዳለ ያድራል። ብታጎርሰውም አፉን አይከፍትላትም። መጀመሪያ ጨው በዝቶበት ይሆናል ብላ ጨው ቀነሰች። ቀጥላ በርበሬ ቀነሰች። በመጨረሻ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በዚህ መሀል የሰውየው ሴት ልጅ ከሩቅ አገር ልትጠይቀው መጣች። በቀኙ ተቀመጠች፣ አጎረሰችው፣ ጎረሰ። ደገመችው፣ ደገመ። ይኼኔ ተነሥታ ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ከልጁ እጅ ይበላል፣ ከባዳ እጅ አይበላም። አባቴ የሚያውቀውን ያውቃል። አንድ ነገር ብታደርግበት ነው» አለች።

እንዲህ ያለ ቃል መሬት ላይ አይወድቅም። ምራቲቱ ወፍጮ ቤት ስትሄድ አጠገቧ የሚቆም ጠፋ። ባሏስ? ባሏ የጫማውን ጫፍ ያያል። «እህቴ ናት፣ ምን ልበላት?» ይላል። እትዬ አልጣሽ እዚህ ላይ ስትደርስ ትተፋ ነበር፤ እኔም እተፋለሁ።

እሑድ ቀን ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ምራቲቱ ወደ እናቷ ቤት እንድትሰደድ ሊፈርዱ። ከሰውየው በስተቀኝ ባለው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ትሪው ቀረበ። ሰውየው ግማሹን በልቶ እጁን ሰበሰበ።

«ይኸው፣ እዩት» አለች ሴት ልጁ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ምራቲቱ ዞረው፣ «ንጹሕ ከሆነ አንቺስ ለምን አትበዪውም?»

«እበላዋለሁ እንጂ። ሙልጭ አድርጌ እበላዋለሁ። እናንተም ዓይናችሁን ግለጡ፤ ኋላ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው እንዳትሉኝ።»

ይህን ብላ የተረፈው ግማሽ በእነሱ በኩል እንዲሆን ትሪውን ይዛ ወደ ቀኝ አዞረችው። እጇ ሳይደርስ የሰውየው እጅ ቀደማት። ቆረሰ፣ ጎረሰ፣ ደገመ።

«ዛሬስ ጨመራችሁልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «በሽተኛ ነው ብላችሁ በግማሽ እንጀራ አከረማችሁኝ። ልጄ እንዳታፍር ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ራበኝ እኮ።»

ሰውየው ትሪውን ጠርጎ በላ።

ሐኪሙ ኋላ ሲጠየቅ ነገሩን ገለጸው። የጭንቅላታችን ቀኝ ወገን ግራችንን ይጠብቃል፣ ግራው ወገን ቀኛችንን። የሰውየው የቀኙ ወገን ደም አጥቶ ተጎድቷል። ዓይኑ ደህና ነው፤ አንጎሉ ግን በግራ በኩል ዓለም መኖሩን ረስቷል። እንደጠፋበት ያላወቀውን ነገር ማን ይፈልጋል? ሐኪሙ ለምን አስቀድሞ አልተናገረም ብትዪኝ፣ የጠየቀው የለም። ሴት ለማባረር ሽማግሌ የሚያሰልፍ ሰፈር፣ ሐኪም ለመጠየቅ እግሩ ይከብደዋል።

እንግዲህ ዘርፌ፣ ወንድምሽ እንደዚያ ሰውዬ ነው። ሳቁም ሳይበላ እንደተረፈው ግማሽ ነው፤ እድሩ ንቀት ይለዋል፣ ወንድምሽ ግን መሳቁ ነውር መሆኑ አይታየውም። ጠባይ ከልብ ነው እየተባልን አደግን። ልብማ ደም ትረጫለች። የሳቅ ልጓም ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ የወንድምሽ ልጓም የተበጠሰው ከእንጨቱ የወደቀ ዕለት ነው። እግሩ ቢሰበር ኖሮ ቃሬዛ አልተሸከመም ብለው ይሰርዙት ነበር? ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ለቅሶ ሲገባ አጠገቡ ሁኚ፣ ሳቁ ሲመጣ ክንዱን ይዘሽ አውጪው። ዳኛውንም «ትሪውን ሳታዞር አትፍረድ» በዪው። ሚስቱ ብትሰማም ትስማ።

ሰውየው ሁለት ክረምት ኖሮ ሞተ። እስኪሞት ድረስ ትሪውን ያዞረችለት ምራቱ ናት። የአርባው ዕለት የተዋሰችውን ዕቃ አጥባ ለየባለቤቱ መለሰች፣ ጓዟን ይዛም ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ባሏ ብቻውን ይኖራል። የሰውየው ሴት ልጅ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀችም።