እንግዳ አይቆለፍበትም

ዱሮ ነው አሉ፣ ጉም እንደ ዘመድ ቤት እየገባ በሚያድርበት ዘመን። ጭላ አምባ በምትባል መንደር ይርዳው የሚባል ተሸካሚ ነበር። እህል ይሸከማል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ የታመመ ሰው ይሸከማል። ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ትርንጎ ጠዋት ውሃ ቀድታ፣ አርፍዳ ትምህርት ቤት ትገባና መጨረሻው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። መምህር አስናቀ ደረቱን የሚያመው ሰው ነው፤ ድምፁ እዚያ ድረስ አይደርስም። እናቷም «ዘንድሮ ፈተናውን ካላለፈች ትዳር ትያዝ» ብላ ቆርጣለች።

አንድ ቀን ለትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ተላከ። ከከተማ ተሸክሞ ያመጣው ይርዳው ነው። መንገድ ላይ ጉም ዋጠው። ያኔ ሳጥኑ ጀርባው ላይ አጉረመረመ አሉ። የብዙ ሰው ድምፅ በአከርካሪው ወረደ። ይርዳውም «ለካ እንግዳ ነው የተሸከምኩት» አለ።

መንደሩ ሬዲዮውን በእልልታ ተቀበለው። የአገሩ ሽማግሌ ባላምባራስ ውብሸት ዳንቴል አለበሱትና እቃ ቤት አስገብተው ቆለፉበት። ለበዓል ለበዓል ይከፈታል፣ ሰው አይቶት ይመለሳል፣ ይቆለፋል። ይርዳው ሄዶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ወጣች፣ ተቀመጠ። ዝናብ መጣ፣ ተቀመጠ።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አሉት ባላምባራስ።

«እንግዳዬን ልጠይቅ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቢሰበርስ?»

«እንግዳም ይታመማል። ግን አይቆለፍበትም።»

«ተሸካሚም ምላስ አወጣ» ብለው ሳቁና ቁልፉን ወረወሩለት።

ሬዲዮው ተከፈተ። ትምህርቱ የሚመጣው ግን በማለዳ ነው፣ ልጆቹ ምንጭ ሲወርዱ። ሬዲዮው ለባዶ አግዳሚ ያወራል። መምህር አስናቀም አኩርፎ ደጅ ይቆማል። ይርዳው ቤት ለቤት ዞረ። «እንግዳው ማለዳ ነው የሚመጣው፤ ውሃው ወደ ማታ ይሁን» እያለ ለመነ። አንዱ እሺ አለው። አንዱ ውሻ ለቀቀበት። እምቢ ላሉት ውሃውን ራሱ ተሸከመላቸው።

ከዚያ የመምህሩን ወንበር አንስቶ ሬዲዮው አጠገብ አኖረው።

«እንግዳ ብቻውን ሲያወራ ያምራል፣ ጋሼ? ቤቱ የርስዎ ነው።»

«እሱ ካወቀ እሱ ያስተምር። እኔ ድምፅ የለኝም።»

«ጩኸቱን ለሱ ይተዉለትና እርስዎ ልጆቹ መሃል ይግቡ።»

መምህሩ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ሲነጋ ግን ገባ። ሬዲዮው ሲያበቃ በየአግዳሚው እየዞረ፣ ጎንበስ እያለ፣ በቀስታ አስረዳ። ትርንጎ ጋ ሲደርስ ልጅቷ ቀና አለች። ድምፁን እንዲህ ከቅርብ ሰምታው አታውቅም።

ፈተናው ሲቃረብ ባትሪው ደከመ። ጎረቤት መንደር ትልቅ ሬዲዮ አምጥቷል ተባለ። ባላምባራስም «እኛም የሚበልጥ እናስመጣ» አሉ።

«ይሄኛውን ማን አበላው?» አለ ይርዳው።

ባትሪዎቹን አወጣና ፀሐይ ላይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሰጣቸው። ሲሞቁ ሬዲዮው ተናገረ። ሲቀዘቅዙ ዝም አለ። ከዚያ ጉሙ አልገለጥ አለ፣ ፀሐይም ጠፋች። ይርዳው ባትሪዎቹን በብብቱ ይዞ ከጉሙ በላይ ወጣ። ፀሐይ ፈልጎ፣ አሙቆ፣ ወረደ። ሲነጋ ወጣ፣ አሙቆ ወረደ። ሰው ይሄን አይቶ አፈረ። ባትሪ በየቤቱ በተራ ይገዛ ጀመር። ትርንጎም ፈተናውን አለፈች፤ እናቷም ስለ ትዳሩ ዳግመኛ አላነሳችም።

ይርዳው ግን አንድ ቀን ወጥቶ ቀረ አሉ። ጉሙ ነው ያስቀረው የሚሉ አሉ። ፀሐይዋን ተሸክሞ ሊመጣ ነው የሚሉም አሉ።

ሬዲዮው ዛሬ የለም። ቴሌቪዥን መጣ፣ ኮምፒውተር መጣ፣ ታብሌት መጣ። ጭላ አምባ ውስጥ ግን አንዱም ዝም ብሎ ክፍል አይገባም። መጀመሪያ ይርዳው ባትሪ ያሰጣበት ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የመምህሩ ወንበር አጠገቡ ይቀመጣል። የሚያበላው ቤት ተራው ይነገራል። ከዚያ ሽማግሌ ተነስቶ «እንግዳ፣ ለማን መጣህ?» ይለዋል።

ባላምባራስም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን አይመልስም። መጨረሻው አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ነው የሚመልሰው።

«ለኔ» ይላል።

ያን ጊዜ ይገባል። ወሬው ይኸው ነው፤ ስትወጡ በሩን ክፍት ተዉት።