ዓሣዋ አልታይ አለች

ቀረብ በሉ፣ አንድ ነገር ላውራችሁ። አጀማመሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ መሐሉ ላይ ግን አይደለም። እየደጋገምኩ ስናገር አትቆጡኝ፤ የዚህ ወሬ አካሄዱ እንደዚያ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ዘሀራ የምትባል ልጅ ነበረች። ያማራት ነገር ትንሽ ነው። ዓሣዋን ማየት።

ዓሣዋ የጣት ያህል ናት፤ ቀይ፣ ጅራቷ እንደ ሻሽ የሚዘናፈል። የሰጣት ታላቅ ወንድሟ ሙህዬ ነው። ሙህዬ መስታወት ቆራጭ ነበር። ከሥራው የተረፈ መስታወት አጠራቅሞ፣ በሲሊኮን አጣብቆ የዓሣ ሳጥን ሠራላት። ከሥሩ አሸዋ አነጠፈ፤ ድንጋይም አስቀመጠበት። ከሐይቅ የውሃ ሣር አምጥቶ ተከለበት፤ ከሣሩ ጋር ቀንድ አውጣ ሳይጠራ መጣ። ከላይ መብራት ገጠመለት። እንግዳ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ትቶ ሣሩ ሲወዛወዝና ዓሣዋ በመሐሉ ስትሾልክ ያይ ነበር።

ከዚያ ሙህዬ ሄደ። ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ፣ ከጓደኛው ከአራጋው ጋር፣ ማንንም ሳይሰናበት ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ሲወጣ የሳጥኑን መብራት እንዳበራ ተወው። ከጅቡቲ አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም አለ።

ስልኩ ዝም ባለ ሰሞን መስታወቱ ጥግ ጥጉን አረንጓዴ አቧራ የመሰለ ነገር ያዘው። አልጌ ነው። ዘሀራ በጨርቅ ጠረገችው፤ ተመለሰ። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈተገችው፤ ብሶበት ተመለሰ። ሣሩ ላይ ፀጉር ፀጉር የመሰለ ነገር ተንጠለጠለ። ውሃው በባልዲ ቢቀየርም እየቆየ የተቀቀለ ጎመን ውሃ መሰለ። ዘሀራ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ብታይ፣ ብታይ፣ ምንም የለም። ምግብ ትበትናለች፤ ማን እንደሚበላው አታውቅም።

ዓሣዋ አልታይ አለች።

«መስታወት፣ ጥራልኝ» አለችው። ልጅ ናትና ከዕቃ ጋር ታወራለች። መስታወቱ አልጠራም።

«ቀንድ አውጣ፣ አረንጓዴውን ብላልኝ» አለችው። ቀንድ አውጣው ብርሃኑን ሸሽቶ ከድንጋዩ ሥር ተለጥፏል። ቢወጣስ? አልጌው ከአፉ በላይ ሆኗል።

«ሣር፣ እደግልኝ» አለችው። ሙህዬ ነግሯት ነበር። ሣሩ ሲበረታ በውሃው ውስጥ ያለውን ምግብ ይስበዋል፣ ለአልጌው የሚተርፍ የለም። ሣሩ ሲደክም ግን ሁሉንም አልጌው ይወስደዋል። «ሣርም እንደኛ ነው፤ ካልተኛ ይደክማል። ማታ ማታ አጥፊለት» ብሏት ነበር። ሣሩ ግን መኝታ አጥቷል። መብራቱ ቀንም ሌትም ይበራል።

ዓሣዋ አልታይ አለች፤ መስታወቱ አልጠራ አለ፤ ቀንድ አውጣው አልበላ አለ፤ ሣሩ አላድግ አለ፤ መብራቱ አልጠፋ አለ።

መብራቱን የያዘችው እናቷ መዲና ናት።

«እማ፣ መብራቱን ላጥፋው?»

«አትንኪው።»

«ሣሩ እንዲተኛ እኮ ነው።»

«ራሱ ያበራውን ራሱ መጥቶ ያጥፋው» አለች መዲና። ቀና ብላም አላየቻት። ሰፈሩ ሁሉ መብራት ሲጠፋበት እንኳ፣ የእጅ ባትሪ አብርታ የሳጥኑ ክዳን ላይ ታስቀምጥ ነበር። ከስልኩ አጠገብ ተነሥታ አታውቅም። ምግብ ሲቀርብላት ትቆርስና መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ዓሣዋ አልታይ አለች፤ መስታወቱ አልጠራ አለ፤ ቀንድ አውጣው አልበላ አለ፤ ሣሩ አላድግ አለ፤ መብራቱ አልጠፋ አለ፤ እማ አላጠፋ አለች።

ዘሀራ አባቷ ይመር ወደሚሠራበት ወፍጮ ቤት ሄደች። ይመር ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሷል።

«አባ፣ እማን መብራቱን አጥፊው በላት።»

«ምን ብዬ ልበላት፣ ልጄ? አጥፊው ካልኳት ‹ምን ሰምተህ ነው?› ትለኛለች። እኔ የሰማሁት የለም።» ከረጢት አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። «መንገድ ለመንገድ የሚውለው አጎትሽ ያሲን ነው። ወሬ ቢኖር እሱ ይሰማል። እሱም ቤታችን መምጣት ትቷል።»

«ልጠይቀው?»

«ጠይቂው አልልሽም። አትጠይቂውም አልልሽም» አለና ወፍጮውን አስነሣው፤ ድምፁ ሌላውን ሁሉ ዋጠው።

ዓሣዋ አልታይ አለች፤ መስታወቱ አልጠራ አለ፤ ቀንድ አውጣው አልበላ አለ፤ ሣሩ አላድግ አለ፤ መብራቱ አልጠፋ አለ፤ እማ አላጠፋ አለች፤ አባ አልናገር አለ።

አጎቷ ያሲን የመዲና ወንድም ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ዘሀራን መናኸሪያው በር ላይ ሲያያት ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ አፈረና አጠፋው።

«አጎቴ፣ ለምን ቤታችን አትመጣም? አንተ ካልመጣህ አባ አይናገርም። አባ ካልተናገረ እማ መብራቱን አታጠፋም። እኔ ዓሣዬን ማየት ፈልጌ ነው።»

ያሲን መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። «ግማሽ ወሬ ይዤ እህቴ ፊት አልቆምም። መጀመሪያ የመስጊዱ ሼህ ኑርዬ ይነሡ፤ እኔም እከተላለሁ።»

«የምን ወሬ?»

«ሂጂ ዘሀራዬ። ሂጂ ወደ ቤት።»

ወደ ቤት አልሄደችም። ሼህ ኑርዬን መስጊዱ ግቢ ውስጥ ለሶላት ሲታጠቡ፣ ዑዱ ሲያደርጉ አገኘቻቸው። ከፊታቸው ቆማ ሁሉንም ደረደረችላቸው። ዓሣዋ አልታይ አለች፤ መስታወቱ አልጠራ አለ፤ ቀንድ አውጣው አልበላ አለ፤ ሣሩ አላድግ አለ፤ መብራቱ አልጠፋ አለ፤ እማ አላጠፋ አለች፤ አባ አልናገር አለ፤ አጎቴ አልመጣ አለ።

«እርስዎ ይነሡልኝ» አለች።

ሼሁ የዓሣዋን ነገር አልሰሙትም። የሰሙት የመጨረሻውን ነው። ያሲን የላካት መሰላቸው።

«ልጄ፣ እንዴት እነሣለሁ?» አሉ። «ያየ ሰው ቆሞ ሳይመሰክር የሰው ልጅ ሞተ አልልም።»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነበር ፊቷን ያዩት። ሊመልሱት አይችሉም። ውሃው ከክንዳቸው ይንጠባጠባል። ዘሀራ አላለቀሰችም። 

«ማነው ያየው?» አለች።

ሼሁ እጅጌያቸውን መለሱ። «አራጋው ተመልሷል። በእናቱ ጓሮ ካለችው ክፍል ገብቶ ተኝቷል። ደጋግሜ ላክሁበት፤ አልመጣም።»

የአራጋው እናት በሩን ከፍታላት ዞር አለች። ክፍሉ ውስጥ አራጋው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ ከፀሐዩና ከጨው ተልጦ ገና አልዳነም። ሲሄድ ከሙህዬ ይወፍር ነበር። አሁን የቀረው ትከሻው ብቻ ነው።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም» አለች፤ ከዚያ ሌላ የምታውቀው አነጋገር ስላልነበራት ቀስ እያለች ደረደረችው። «ዓሣዋ አልታይ አለች። መስታወቱ አልጠራ አለ። ቀንድ አውጣው አልበላ አለ። ሣሩ አላድግ አለ። መብራቱ አልጠፋ አለ። እማ አላጠፋ አለች። አባ አልናገር አለ። አጎቴ አልመጣ አለ። ሼሁ አልነሣ አሉ።» ትንፋሽ ወሰደች። «አንተ አልወጣ አልክ።»

አራጋው እጆቹን አያቸው።

«ጀልባዋ ተገለበጠች» አለ። «እኔ ጄሪካን ያዝኩ። ሙህዬ እጄን ያዘ። ብዙ ቆየን። ያወራኝ ነበር። ከዚያ አልያዘኝም። እሱ ለቀቀኝ ወይስ እኔ ለቀቅኩት፣ አላውቅም ዘሀራ። ቀን ከሌት አስበዋለሁ፣ አላውቅም። እናትሽ ‹አንተስ እንዴት ተረፍክ?› ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

 ያን ጊዜ ነው የዘሀራ እንባ የመጣው፤ አገጯ ድረስ ወረደ፣ አልጠረገችውም። እያለቀሰች እጇን ዘረጋችለት።

አራጋው እጇን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። እየፈራ ያዘው። እሷም ጠበቅ አድርጋ ያዘችው፤ መስጊዱ ግቢ እስኪደርሱ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያያቸው፣ አልለቀቀችውም።

አራጋው ስለወጣ ሼሁ ተነሡ። ሼሁ ስለተነሡ አጎቷ መጣ። አጎቷ ስለመጣ አባቷ ነጭ ጋቢውን ለበሰ፤ ለመናገር ግን አፉን መክፈት አልነበረበትም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ መዲና በማለዳ በሯን ስትከፍት ያን ሁሉ ሰው ግቢዋ ውስጥ ቆሞ አየች። የሚመጣውን አወቀች። አልጮኸችም። ሼህ ኑርዬ «የአላህ ውሳኔ ነው» ብለው ሲጀምሩ በእጇ ዝም አሰኘቻቸው።

አራጋው ፊት ሄዳ ቆመች። እሱ አንገቱን ደፋ። የፈራውን ጥያቄ ይጠብቃል።

«አየኸው?» አለችው።

«አዎ፣ እትዬ መዲና።»

«የዚያን ቀን በልቶ ነበር?»

አራጋው ቀና አለ። «ቴምር ተካፍለን ነበር። ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ።»

«እሱ እንዲያ ነው» አለች መዲና። ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሁሉም በበሩ ያዩዋታል። ሳጥኑ ፊት ቆመች፤ እጇ ማብሪያው ላይ አርፎ ቆየ። ከዚያ አጠፋችው። ጩኸቷ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሰማው ሁሉ ዛሬም ይነግራችኋል።

ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ተቀመጠ፣ ሶደቃው ወጣ። ሳጥኑን ያስታወሰው የለም። ዘሀራ ብቻ ጠዋት ጠዋት እያበራች፣ ሲመሽ ታጠፋው ነበር፤ ባልዲዋን ይዛም ውሃውን ጥቂት በጥቂት ትቀይራለች። መዲና አየቻት፤ አልከለከለቻትም።

እናቷ ስላጠፋች መብራቱ ጠፋ። መብራቱ ስለጠፋ ሣሩ ተኛ። ሣሩ ስለተኛ በረታ፣ አዲስ ቅጠልም አወጣ። ሣሩ ስለበረታ አልጌው የሚበላው አጣና እየሳሳ ሄደ። ጨለማ ስለመጣ ቀንድ አውጣው ከድንጋዩ ሥር ወጣ። ቀንድ አውጣው ስለበላ በአረንጓዴው ላይ ጠባብ መንገዶች ታዩ፣ መንገዶቹም ተገናኙ። መስታወቱ ጠራ።

መስታወቱ ስለጠራ ዓሣዋ ታየች።

ከስታለች። ቀለሟም ደብዝዟል፤ የጅራቷ ጫፍ ተበጣጥሷል። ከሣሩ ወጥታ መሐል ላይ ቆመች። ዘሀራ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ተመለከተቻት። ያማራትን አገኘች፤ ደስታው ግን አልመጣላትም።

መዲና በጥቁር ነጠላዋ ተጠቅልላ ፍራሹ ላይ ነበረች። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅ አወጣች።

«አለች?»

«አለች፣ እማ።»

መዲና ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። «እንግዲያ የምትበላው ስጫት» አለች።