አውራ ዶሮው ያሠራት ቢላ

ተረት ላብላችሁ፤ ውሸቱ ያነቀው ውኃ ይጠጣ።

እንኮዬ የፈለገችው አንዲት ቢላ ብቻ ነበር። እሑድ ልጇን ወለላን ሊያጩ የወንዱ ወላጆች ይመጣሉ፤ ዶሮ ይቀርብላቸዋል። ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ካልወጣ ደግሞ፣ "እናቲቱ ያላወቀችውን ልጂቱ ከየት ታመጣዋለች" ተብሎ ነገሩ እዚያው ይፈርሳል። ከገበያ የገዛቻት አብለጭላጭ ቢላ ሽንኩርት ገና ስትነካ እንደ ቅጠል ተጣጥፋለች።

ቀጥቃጩ ዘንድ ሄደች። "አያ ጓንጉል፣ ከመኪና ባሌስትራ የልጅ ልጄ የምትወርሳት ቢላ ቀጥቅጥልኝ።"

"እኔማ በወደድኩ፤ ብረቱ አልቀላም አለኝ እንጂ። ወናፉ ተቀዶ ትንፋሹ በጎኑ ይወጣል። ደረሶን ስፋለት በይው።"

ቆዳ ሰፊው ደረሶ ዘንድ ሄደች። "ደረሶ፣ ወናፉን ስፋ። ወናፉ አልነፋም አለ፣ ብረቱ አልቀላም አለ፣ ጓንጉል አልቀጠቅጥም አለ፣ ዶሮዬም ሳይገነጠል ቀረ።"

"በምን ልስፋው እቴ? ያለችኝ አንዲት የፍየል ቆዳ ናት፤ እሷንም ሊቀመንበር ጥጋቡ ለስብሰባ ተውሶ ተቀምጦባታል።"

ዋርካው ሥር ስብሰባው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሰዉ ቆሎ ይቆረጥማል፤ ጥጋቡ ቆዳዋ ላይ ተዘርፍጦ ያዛጋል።

"ጌታው፣ አንዴ ብድግ ይበሉልኝ። ቆዳዋ አልወጣም አለች፣ ደረሶ አልሰፋም አለ፣ ወናፉ አልነፋም አለ፣ ብረቱ አልቀላም አለ፣ ጓንጉል አልቀጠቅጥም አለ፣ ዶሮዬም ሳይገነጠል ቀረ።"

"ስብሰባው ሳይበተን እንዴት እነሣለሁ?"

"ስለ ምንድን ነው ስብሰባው?"

"በቀበሌያችን ቢላ ለምን ጠፋ የሚል ነው። ናሙና የሚሆን ቢላ ሳይቀርብ እንዳይበተን በድምፅ ብልጫ ተወስኗል።"

"ቢላው ከየት ይመጣል ታዲያ?"

"እሱን ነዋ የምንወያየው።"

ቅዳሜ ጠዋት እንኮዬ ሰው ቢቸግራት አውራ ዶሮው ፊት ቁጭ ብላ የሆዷን ዘረገፈች። "ስብሰባው አልበተንም አለ፣ ጥጋቡ አልነሣም አለ፣ ቆዳዋ አልወጣም አለች፣ ደረሶ አልሰፋም አለ፣ ወናፉ አልነፋም አለ፣ ብረቱ አልቀላም አለ፣ ጓንጉል አልቀጠቅጥም አለ። ወለላዬን ላዋርዳት ነው።"

ዶሮው ከዚህ ሁሉ የገባው እንደማይታረድ ብቻ ነው። ደረቱን ነፍቶ፣ ሹመት እንዳገኘ ሰው እየተጎማለለ ዋርካው ሥር ደረሰ። የወደቀውን ቆሎ ጫረ፣ ለቀመ፣ ጫረ፣ ለቀመ። አንዲት ፍሬ ግን ጥጋቡ መቀመጫ ሥር ተሸጉጣለች። እሷን ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ነቆረ።

ጥጋቡ ዋርካውን ሊያክል ምንም አልቀረው፣ እንዲያ ዘለለ። በዚያ አገር ሹም ሲነሣ ተቀምጦ የሚቀር የለምና ሰዉ ሁሉ ተነሣ። ስብሰባው ተበተነ፣ ቆዳዋ ወጣች፣ ደረሶ ሰፋ፣ ወናፉ ነፋ፣ ብረቱ ቀላ፣ ጓንጉል ቀጠቀጠ፤ ባለ ወይራ እጀታ ቢላ ሆነች። እንኮዬ ድንጋይ ላይ ብትስላት ድንጋዩ አለቀ፣ እሷ ግን እንደ ነበረች ናት።

"ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ ሲሉ ለወሬ ይመስለኝ ነበር" አለች እንኮዬ፣ ዶሮውን በክንፉ ይዛ።

እሑድ ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ቀረበ። የወንዱ አባት አንድ ሁለት ብለው ቆጠሩና፣ "ልጂቱ የኛ ናት" አሉ። ጥጋቡም ሳይጠራ መጣ፤ መቀመጥ ስለማይችል ቆሞ ይበላል።

"ይቺ ቢላ የስብሰባው ውጤት ናት፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ" አለ።

"ይያዝ እንጂ" አለ ጓንጉል አጥንት እየጋጠ፤ "ሰብሳቢው ግን ወጡ ውስጥ ነው።"

ተረቴን መልሱልኝ፤ ቢላዋን ለእንኮዬ ተዉላት።