ታንኳው እስኪደርቅ

አንድ ታንኳ ያለው ሰው ነበረ። ቆይ ልጄ፣ ጥያቄሽን አልሸሸሁም። «ካንሰሩ እንደማይድን ሐኪሞቹ ነግረውኛል፤ መድኃኒቱን ቀለል አድርገውልኝ ከልጆቼ ጋር ልቀመጥ ብል ተስፋ መቁረጥ ይሆንብኛል ወይ፣ አባ?» ነው ያልሽኝ። መልሴ ከሰውዬው ጋር ነውና ስሚኝ።

ታንኳው እንደ ሐይቁ አገር ታንኳ ሁሉ ውሃ ዳር ከሚበቅል ደንገል የታሰረ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ከተሻገረ በኋላ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አቁሞ ያደርቀዋል፤ ሲደርቅ መልሶ ይቀዝፍበታል። ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ይህን የማያውቅ የሐይቅ ሰው የለም።

ሰውዬው ግን ታንኳው እንዳያልቅበት ፈራ። ጠዋት ወደ ፀሐይ ያዞረዋል፣ ከሰዓት ያገላብጠዋል፣ እየዳሰሰ «ገና እርጥበት አለው» ይላል። ሚስቱን እንኳ እንዲህ ተንከባክቧት አያውቅም። ደሴቱ ላይ የተዳረች ልጁ ወልዳ፣ «አባዬ መጥቶ የልጅ ልጁን ይይልኝ» ብላ ላከችበት። «ታንኳው ይድረቅ» አለ። ሕፃኑ ክርስትና ሊነሣ ነው ተባለ። አሁንም «ይድረቅ» አለ።

አንድ ቀን ሚስቱ ወደ ዳሩ ወርዳ ታንኳውን ዳሰሰችው። ከሥር ያለው ደንገል እጇ ላይ ተፈረፈረ።

«አንተ ሰው፣ እዚህ ቆሞም እያለቀ ነው። የምታደርቀው ለምን ነበር?»

ሰውዬው ታንኳውን ገፍቶ ውሃው ላይ አወረደው።

ደሴቱ ሲደርስ ልብሱ እስከ ወገቡ ርሷል። ልጁ እየሳቀችም እያለቀሰችም ሕፃኑን አሳቀፈችው። ከዚያ ወዲያም ማድረቁን አልተወም፤ ለመሻገር የሚበቃውን ያህል ያደርቅና ይሻገራል። ሕፃኑ ጥርስ ሲያወጣ አየ፣ አያቱን ለይቶ እጁን ሲዘረጋለት አየ። ታንኳው በመጨረሻ ሲፈታበት ዳር ላይ ቁጭ ብሎ «ተመስገን፣ አድርሶኛል» አለ። አላዘነም አልልሽም፣ አዝኗል። ምስጋናው ግን በለጠበት።

ልጄ፣ ታንኳው ይህ ሥጋችን ነው፤ ያንቺም የኔም። መድኃኒቱ ፀሐዩ ነው፣ አትተዪው። ግን የሚደርቀው ለመሻገር ነው። ለሐኪምሽ የሚያምሽን ሳትደብቂ ንገሪው፤ ከልጆችሽ ጋር የምትቀመጪበት አቅም እንዲተርፍሽ ለምኚው። ይህ ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ ታንኳውን ወደ ውሃው መግፋት ነው። እኔ ዘንድም ብዙ ተቀመጥሽ። ልጆችሽ ደጅ ቆመው ይጠብቁሻል፤ በይ ተነሺ።