ዝንጀሮ እርሻ ያስተማረ ጊዜ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። ሰኔ ገብቷል፤ ደጁ ጭቃ፣ ሰማዩ ጥቁር ነው፤ የትም አትሄዱም። እናንተ ጆሮ አዋጡ፣ እኔ አፍ አዋጣለሁ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳው እንደ ሰው ሲያወራ፣ ዕቃውም እንደ እንስሳው ሲናገር፣ ጫካው ተቃጠለና ድኻው ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። ጥንቸል፣ ጃርትና ኤሊ የሚባሉ ሦስት ወጣቶች ነበሩ፤ መሬት የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። አያ ጅቦ መጣና፣ «ኑ፣ እኔ ቤት እደሩ። አጥንት ትሸከሙልኛላችሁ፣ እኔ አበላችኋለሁ» አላቸው።

«ምን ታበላናለህ?» አለች ጥንቸል።

«እሱን ስትመጡ ታዩታላችሁ» አለና ከንፈሩን ላሰ።

ልጆቹ ፈሩ። «እስከ መኸር ታገሠን። እህል ካገኘን እንቀራለን፤ ካጣን እንመጣለን» አሉት። ጅቡም እሺ አለ። ጅብ መጠበቅ ያውቃል።

የጫካው ጌታ አንበሳ ይህን ሰማና አዘነ። «የድኻ ልጆች እርሻ ይማሩ» ብሎ አንድ ባዶ ማሳ፣ አንድ ትልቅ ስልቻ የገብስ ዘርና አንድ ዶማ ሰጠ። አሠልጣኝ ሲፈለግ ዝንጀሮ ተነሣ። «ዕድሜዬን የጨረስኩት ማሳ ውስጥ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ የሰው ማሳ ውስጥ። የስንቱን በቆሎ ሸልቅቆ በልቷል። ግን ማን ይጠይቀው? ሾሙት።

ዝንጀሮ መጀመሪያ ዳስ አስጣለ። ቀጥሎ ዶማውን አሳጥቦ፣ ሪባን አስሮ፣ ምሰሶ ላይ ሰቀለው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሥራዬ መቆፈር ነው» አለ ዶማው።

«ትቆሽሻለህ። እንግዳ ይመጣል።»

እንግዳ መጣ። ሰጎን ነበረች፤ ሥልጠናውን ልትከፍት ነው። ዝንጀሮም፣ «በአገራችን እንግዳ ሳይቀምስ አይሄድም» አለና ከስልቻው ዘግኖ ገብሱን አስቆላ። ቆሎው ተበላ፣ ተጨበጨበ፣ ሰጎን ሄደች። ስልቻው ጎኑን ዳሰሰና፣ «ቀለለኝ» አለ።

«ጋሼ፣ ዝናቡ ጀመረ እኮ። መቼ ነው የምንዘራው?» አለች ጥንቸል።

«መጀመሪያ የመዝራት ትርጉም ይግባሽ» አላት።

ደግሞ እንግዳ መጣ። ጉማሬ ነበር፤ ሥልጠናውን ሊጎበኝ ነው። «እንግዳ ሳይቀምስ አይሄድም» ተባለና ገብሱ ንፍሮ ሆነ። ጉማሬ ሲቀምስ እንዴት እንደሚሆን እናንተው አስቡት። የስልቻው ሆድ ከጀርባው ተጣበቀ።

«ጋሼ፣ ዘሩ ሊያልቅ ነው፤ ዝናቡም ያልፈናል» አለች ኤሊ።

«አንቺ ደግሞ ችኩል ነሽ» አላት። ኤሊን።

በሦስተኛው አንበሳ ራሱ መጣ። ዝንጀሮ በደስታ ዘለለ። «የቀረችውን ገብስ ቁሉና አቅርቡ፤ እኔ ንግግር አደርጋለሁ» ብሎ ወደ ዳሱ ገባ።

ስልቻው ልጆቹን ጠራቸው። «የቀረችኝ ይቺ የታችኛዋ ናት። እሷን ከቆላችኋት መኸር ላይ ጅብ ቤት ናችሁ።»

«እኔንም አውርዱኝ፤ ይህ ሪባን አነቀኝ» አለ ዶማው።

«ጋሼ ቢያየንስ?» አለ ጃርት።

«ንግግር ጀምሯል እኮ። አሁን የሚያየው ራሱን ብቻ ነው» አለ ስልቻው።

ዶማውን ከምሰሶው ፈትተው፣ ስልቻውን ይዘው ከዳሱ ጀርባ ወረዱ። ጥንቸል ቆፈረች፣ ጃርት ዘራ፣ ኤሊ በሆዷ እየተሳበች አፈር አለበሰች። ዳሱ ውስጥ ዝንጀሮ ስለ አፈር ተናገረ፣ ስለ ዝናብ ተናገረ፣ ስለ ራሱ ደግሞ ብዙ ተናገረ። ዘነበ፣ አባራ፣ ዘነበ፤ እሱ ይናገራል። አንበሳ አንቀላፋ፣ ነቃ፣ አንቀላፋ፤ እሱ ይናገራል። ሲጨርስ ገብሱ በቅሎ ነበር። ውሸት ነው እንዳትሉኝ፤ ስብሰባ የተቀመጠ ያውቀዋል።

«ቆሎው የታለ?» አለ አንበሳ፤ ርቦታል።

ጥንቸል ወደ ማሳው እያመለከተች፣ «ጌታዬ፣ ዘራነው» አለች።

አንበሳ ቡቃያውን አየ፤ ወደ ዝንጀሮ ዞረ። ዝንጀሮ ዓይኑን ሁለቴ አርገበገበና፣ «ጌታዬ፣ የሥልጠናዬ ፍሬ ይኸው» አለ። ተጨበጨበለት፤ ኒሻንም አንገቱ ላይ ተንጠለጠለለት። ልጆቹ አልተከራከሩም። ገብሱ አረም ውጦት ነበርና ለማረም ሄዱ።

መኸር ደረሰ። ገብሱ እሸት ሲይዝ ዝንጀሮ ወንድሞቹን፣ አክስቶቹን፣ አማቾቹን ሁሉ አስከትሎ ከች አለ።

«ለክትትል ነው የመጣነው» አለ፣ አፉ ምራቅ እንደሞላ።

ጃርት ማሳው ዳር ቆሞ እሾሁን አንድ በአንድ አቆመ። «እሰየው፣ ጋሼ። ክትትሉን ከዚያ ማዶ ሆነው ያድርጉት፤ ከሩቅ ጥሩ ይታያል።»

ዝንጀሮ እሾሁን አየ፣ ገብሱን አየ፣ ኒሻኑን አሸት አደረገና ዘመዶቹን ይዞ ተመለሰ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዘር አፈር እንጂ ጭብጨባ አያበቅለውም።

ጥንቸል፣ ጃርትና ኤሊ ገብሳቸውን አጨዱ፤ መጀመሪያ ለዘር አስቀመጡ፣ ከዚያ በሉ። አያ ጅቦ ክምሩን ከሩቅ አይቶ ሄደ፤ እስካሁን አጥንት ተሸካሚ ይፈልጋል። ስልቻው ሞላ። ዶማው ጫፉ አለቀ፤ አላዘነም። ዝንጀሮም ሥራው ታይቶለት ከፍ ተደረገ፤ ዓሦችን ዋና እንዲያሠለጥን ተሾሞ፣ ወንዝ ዳር ደረቅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያስተምራል።