መቶ ከመቶ ያገኘችው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ፣ ከሰው መንደር ርቆ በሚገኝ ሸለቆ ውስጥ እመት ዳማ የምትባል አህያ ትኖር ነበር። ያለቻት ልጅ አንዲት ብቻ ናት፤ ስንዱ የምትባል ውርንጭላ። ከስንዱ በፊት የወለደቻቸውን ሁለቱን ጅብ በልቶባታል። ስለዚህ እመት ዳማ ፈጣሪዋን የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይቺን እንኳ አትርፍልኝ» የሚል። ባልማ አላት። ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ? እሱን እንተወው።

የሸለቆው ውርንጭላዎች ከጅብ ማምለጥን የሚማሩት ከየኔታ ዘለቀ ነበር። የኔታ ዘለቀ አንድ ጆሯቸውን ጅብ የወሰደባቸው ሽማግሌ አህያ ናቸው። ተማሪዎቻቸውን ጎህ ሲቀድ ቀስቅሰው ድንጋያማው ዳገት ላይ ያስሮጧቸዋል። «ነፋሱን አሽትቱ፣ ጆሯችሁን አቁሙ፣ ከኋላ የመጣውን ርገጡ!» እያሉ ይጮኹባቸዋል። ስንዱ ጉልበቷ ተልጦ፣ ሰኮናዋ ተሰንጥቆ እያለቀሰች ወደ ቤት ትመለሳለች። የእናት አንጀት ይህን አይችልም። እመት ዳማ ቁስሉን እየላሰች የኔታን ትረግማቸው ነበር።

በዚህ መሃል ቀበሮ አንድ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ዓይን ላይ የሚታሰር፣ ጆሮንም ጭምር የሚሸፍን ጥቁር መነጽር ነው። እሱን ያደረገ ሁሉ ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል፤ ተራራው፣ ወንዙ፣ የሚያሳድደው ጅብ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። መሮጥ ከፈለገ ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነው። ቀበሮ የውርንጭላዎቹን ወላጆች ግራር ሥር ሰበሰባቸው።

«ወገኖቼ፣ ዓለም የት ደርሷል፣ እናንተ የት ናችሁ?» አለ። «በዚህ ዘመን ልጅ ዳገት ላይ ይማራል? ይኼ ምናባዊ ትምህርት ይባላል። ልጆቻችሁ ጥላ ሥር ቆመው፣ አንድም ቦታ ሳይላጡ ከጅብ ማምለጥን ይማራሉ። ያውም በነጻ!»

የኔታ ዘለቀ ከኋላ ሆነው «ለመሆኑ መነጽሩ ውስጥ ያለው ጅብ ይሸታል?» ሲሉ ጠየቁ።

«የኔታ፣ ጊዜው አለፈብዎ እኮ!» አለ ቀበሮ።

ሁሉም ሳቁ። እመት ዳማም ሳቀች። ቀበሮ በነጻ አስተምሮ ምን እንደሚያገኝ ግን አንድም የጠየቀ አልነበረም፤ ጅብ በልቶ የተረፈውን ማን እንደሚለቅመው ሁሉም እያወቁ።

በነጋታው እመት ዳማ ስንዱን ወደ ቀበሮ ስትወስድ የኔታ ዘለቀ መንገድ ላይ ጠበቋት።

«እመት ዳማ፣ እባክሽ ይቺን ልጅ ስጪኝ። እግሯ ገና አልጠናም። አንድ ክረምት ብቻ።»

«አልሰጥዎትም! ልጄን አቆሰሏት እንጂ ምን አስተማሯት? ሯጭ ቢሆኑማ ኖሮ ያ ጆሮዎ የት ሄደ?»

የኔታ አቀርቅረው ወደ ዳገቱ ተመለሱ።

ስንዱ ጎበዝ ተማሪ ሆነች። ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች። ቁስሏ ዳነ፣ ሰውነቷ ሞላ፣ ጠጉሯ አበራ። ቀበሮ በየሳምንቱ ውጤት ሲናገር አንደኛ እሷ ናት። እመት ዳማም ወንዝ ስትወርድ አቋራጩን ትታ በየጎረቤቱ ደጅ ማለፍ ጀመረች፤ ስለ ልጇ እንዲጠይቋት።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። ቀበሮ «ተፈታኝ አይረበሽም» ብሎ ስንዱን መነጽሩን አድርጎላት ከገደሉ ማዶ ባለው መስክ ላይ ብቻዋን አቆማት። እናቷ ከገደሉ ወዲህ ሆና እንድትጠብቅ ተነገራት። ጉም የጣለበት ጠዋት ነበር። ስንዱ ራሷን መነቅነቅ ስትጀምር እመት ዳማ በኩራት አንገቷን ቀና አደረገች። ወዲያው ነፋሱ ዞረና አንድ የምታውቀው ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ሁለት ልጆቿን የወሰደባት ሽታ ነበር።

«ስንዱ! ሩጪ! ጅብ!»

ስንዱ ጆሮዋ ተሸፍኗል፤ አልሰማችም።

አያ ጅቦ እያነከሰ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ውርንጭላይቱ ከቆመችበት አልተነሳችም። ግራ ገባው፤ በዕድሜው የማይሸሽ ምሳ ገጥሞት አያውቅም። ወጥመድ እንዳይሆን ብሎ አንዴ ዞራት። ከዚያ አፉን ጆሮዋ ላይ አስጠግቶ ጮኸ።

«አንቺ! ለምን አትሮጪም?»

«እየሮጥኩ ነው!» አለች ስንዱ እያለከለከች። «ሁለት ተራራ አልፌያለሁ። አንድ ወንዝ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«እኔ እኮ እዚሁ ቆመሽ ነው የማይሽ።»

«አትረብሸኝ፣ ፈተና ላይ ነኝ!»

አያ ጅቦ ሊያስብ ሞከረ። ማሰቡ አልሆንልህ ሲለው ተወውና በላት። መነጽሩንም ጭምር ዋጠው፤ ሆዳም ምን ይመርጣል?

እመት ዳማ ገደሉን ዞራ እስክትደርስ ሣሩ ላይ የቀረው ደም ብቻ ነበር። ጎረቤቶቿ እየጮሁ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደል ነገሩ።

ለቅሶው ላይ ቀበሮም መጣ። ወዙ ጥሩ ነበር፤ ከንፈሩን አሁንም አሁንም ይልሳል።

«ፈጣሪ ያጽናሽ» አላት። «መነጽሬስ?»

እመት ዳማ አፍጥጣ አየችው። እሱም ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ለቀስተኛው ዞረ።

«ወገኖቼ፣ ሐዘናችን ከባድ ቢሆንም አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ስንዱ ከመሞቷ በፊት ወንዙን ተሻግራ ፈተናውን ጨርሳለች። ከሸለቆው ልጆች ሁሉ መቶ ከመቶ ያመጣች እሷ ብቻ ናት!»

ወላጆቹ እንባቸውን እየጠረጉ አጨበጨቡ። አንዷማ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «የእኔው ሰማንያ ነው ያመጣው፤ ምን ይሻለኛል?» ስትል እመት ዳማ ሰማች።

ብድግ ብላ ወጣች። ድንጋያማውን ዳገት እየተንገዳገደች ወጣችው። የኔታ ዘለቀን ተማሪ በሌለው ሜዳ ላይ ብቻቸውን ቆመው አገኘቻቸው።

«ልጅሽን ስጪኝ ብለውኝ ነበር» አለች። «አልሰጥም አልኩዎት። አሁን ልሰጥዎ መጣሁ፤ የምሰጥዎት ግን የለኝም።»

የኔታ አንገታቸውን አንገቷ ላይ ጣል አደረጉና አብረው አለቀሱ። ከታች ግራሩ ሥር ቀበሮ ሌላ መነጽር አምጥቶ አዲስ ተማሪዎችን ይመዘግብ ነበር። ሰልፉ እስከ ወንዙ ይደርሳል።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጁ በእግሩ ያልሮጠውን ሩጫ በዓይኑ ስላየው ብቻ ተማረ ብሎ የሚያጨበጭብ ወላጅ፣ ጅብን እስከ ደጁ ድረስ የጠራ መሆኑን ነው።