ወፍጮ ብቻ የሚተክለው አህያ

አንድ ጊዜ፣ አውሬዎች እህላቸውን በድንጋይ መፍጨት ትተው ማሽን መግዛት በጀመሩበት ዘመን፣ ማሽን በመትከል የሚተዳደር አንድ አህያ ነበር። ወፍጮ ይተክላል፣ የውሃ ፓምፕ ይተክላል፣ የዘይት መጭመቂያም ይተክላል። ማንም ይጥራው ማን እምቢ ብሎ አያውቅም። ችግሩ ግን የተከለው ፓምፕ በሳምንቱ ያንጠባጥባል፣ መጭመቂያው ይነቃነቃል፤ እሱም ትናንት የሠራውን ዛሬ ሲጠግን ይውላል።

አንድ ቀን ደክሞት ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ባለበት ስለ ሥራው ማሰብ ጀመረ። እስከ ዛሬ ከተከላቸው ማሽኖች ውስጥ «ተበላሸ፣ ና» ተብሎ አንዴም ያልተጠራበት የቱ ነው? ወፍጮ ነበር። አያስገርምም፤ ዕድሜውን ሙሉ እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሲቆም ስለኖረ፣ ደህናውን ወፍጮ ከታመመው በድምፁ ይለያል። ሲተክልም የራሱ ልማድ ነበረው። መሠረቱ ላይ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ገበቴ ያስቀምጥና ማሽኑን ቀኑን ሙሉ ያለ እህል ባዶውን ያዞረዋል፤ አንዲት ጠብታ ከፈሰሰች ማሽኑ ይነቃነቃል ማለት ነውና ነቅሎ እንደገና ይተክላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወፍጮ በቀር ሌላ እንደማይተክል ለሸለቆው ሁሉ አስነገረ።

ማስነገሩ ቀላል ነበር፤ መኖሩ ግን ከበደ። በዚያ በጋ ወፍጮ የሚገዛ ጠፋ። ቤት ውስጥ የቀረው ጭድ ከሳምንት የሚያልፍ አልነበረም። ሚስቱም ድርሻዋን ለውርንጭላዎቿ ማካፈል ጀመረች።

ይህን ጊዜ ንጉሥ አንበሳ ወንዝ ዳር ትልቅ ፓምፕ ሊያስተክል አስቦ አህያን አስጠራው። አህያ እጅ ነሥቶ ይህን ሥራ እንደማይችል ተናገረ። አንበሳ ተቆጣ፤ አህያም ጆሮውን ጥሎ ወጣ።

ቀበሮ በር ላይ ጠበቀችው። «ወንድሜ፣ ሞኝ አትሁን» አለችው። «ሥራውን በስምህ ተቀበል። አያ ጅቦ ይሠራዋል፣ አንተ ቆመህ ታያለህ፣ የሚገኘውን ለሦስት እንካፈላለን።»

አህያ ውርንጭላዎቹ ትዝ አሉት። ሆኖም «ፓምፑ ሲበላሽ የሚጠራው የኔ ስም ነው» አላት። «ከስሜ ሌላ ሀብት የለኝም።»

ቀበሮ ጊዜ ሳታጠፋ ወደ አያ ጅቦ ሄደች። የአያ ጅቦ መልስ ለሁሉም «እችላለሁ» ነው። ፓምፑንም፣ አህያን የተቀየመው ንጉሥ ለሸለቆው የክረምት ስንቅ መፍጫ ያስመጣውን ትልቅ ወፍጮም አንድ ላይ ተቀበለ። ፓምፑን እንደነገሩ አቆመው። ወፍጮው ላይ ሲደርስ ደግሞ ለኩሽኔታው፣ ዘንጉ ለሚሽከረከርበት ብረት፣ መቀቢያ አንድ ቆርቆሮ ሞራ ተሰጠው። ብረት ሞራ ምን ያደርግለታል ብሎ አንዴ ላሰ፣ ደገመ፣ ቆርቆሮውን ጠርጎ እዚያው አሸለበ። በማግስቱ ወፍጮው ሲነሳ ደረቁ ኩሽኔታ ፍም መስሎ ቀላ፣ ማሽኑም ጮኾ ቆመ። አያ ጅቦ እግሬ አውጪኝ አለ። ቀበሮም ጅብን ማን እንዳመጣው ስትጠየቅ አላውቅም አለች።

ሰማዩ ጠቁሯል፣ የሸለቆው ሁሉ እህል ሳይፈጭ ተከምሯል። አንበሳ ቁጣውን ዋጥ አድርጎ ወደ አህያ ላከ። አህያ መጥቶ ወፍጮውን ከመሠረቱ ነቀለ፣ ኩሽኔታውን ለውጦ ቀባ፣ አስተካክሎ ተከለና ገበቴውን አስቀመጠ። የቸኮለው አውሬ ዙሪያውን ከቦ ቢያጉረመርምም ማሽኑን ቀኑን ሙሉ ባዶውን አዞረው። ጠብታ አልፈሰሰም። በማግስቱ ዱቄት ወረደ።

አንበሳ እጅግ ደስ አለው። «ከእንግዲህ በግዛቴ ያለውን ማሽን ሁሉ፣ ፓምፑንም መጭመቂያውንም፣ የምትተክለው አንተ ብቻ ነህ» አለው።

የተሰበሰበው ሁሉ አጨበጨበ። አህያ ግን ፈራ፤ ይኼን እሺ ማለት በረሃቡ ጊዜ ከቀረበለት ይልቅ ያጓጓ ነበር።

«ጌታዬ፣ ወፍጮውን ሁሉ ይስጡኝ» አለ ራሱን ዝቅ አድርጎ። «ፓምፑን ግን ለኤሊ ይስጡ፤ ውሃ የምታውቀው እሷ ናት። መጭመቂያውንም ለሚያውቀው። ሲርበኝ እምቢ ያልኩትን ስጠግብ ብቀበል፣ እኔና አያ ጅቦ በምን እንለያያለን?»

አንበሳ በነገሩ ተስማማ። ከዚያም ኤሊን አስጠራ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለጠራን ሁሉ እሺ ከማለት ይልቅ አጥርተን የምናውቀውን አንድ ሥራ ይዘን ሌላውን ለሚያውቀው መተው፣ በማጣትም በማግኘትም ጊዜ ስማችንን እንደሚጠብቅልን ነው።